የችግር ቀን ብልሃት፤ ስለ ጃፓን ሳኬ አጠማመቅ ታሪክ



በሬዲዮ የተነገረ ቃል ቶሎ ያልፋል፤ በጽሑፍ የሰፈረ ግን ይቈያል። ስለዚህ ይህ ንግግር በጆሮው ለሰማ ማስታወሻ፥ ላልሰማው ደግሞ አዲስ ዕውቀት ይኾን ዘንድ በዚህ ዓምድ ቀርቧል። የዛሬው ነገራችን ሳኬ ስለሚባለው የጃፓን መጠጥ ነው። የምንጽፈው መጠጥን ለማመስገን ወይም ለመንቀፍ ብለን አይደለም። አንድ ሕዝብ ከሺህ ዓመት በላይ ከእጅ ወደ እጅ ሲያቀባብለው የኖረው ጥበብ፥ በችግር ቀን በተፈቀደ አንድ ብልሃት ምክንያት እንደምን ሊጠፋ እንደ ተቃረበ፥ ኋላም እንደምን እንደ ተመለሰ ለማስረዳት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መኾናቸውን አንባቢ ያስታውስ።

ሳኬ የሚለው ቃል በጃፓኖች ቋንቋ የሚያሰክረውን መጠጥ ሁሉ የሚያጠቃልል ነው። ከሩዝ የሚጠመቀውን ለይተው መጥራት ሲፈልጉ ኒሆንሹ ይሉታል፤ ትርጓሜውም የጃፓን መጠጥ ማለት ነው። የሚሠራውም ከሩዝ፥ ከውሃ፥ ከእርሾና ኮጂ ከሚባል ሻጋታ ነው። ከነዚህ ከአራቱ ለእኛ እንግዳ የሚኾንብን ኮጂው ስለ ኾነ፥ አስቀድመን ስለ እርሱ ጥቂት እንናገራለን።

በአገራችን ጠላ የምትጠምቅ ባልትና ዐዋቂ እመቤት ገብሱን ዘፍዝፋ፥ አብቅላ፥ አድርቃ ብቅል ታደርገዋለች። የብቅሉ ሥራ በእህል ውስጥ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር መለወጥ ነው፤ እርሾ የሚመገበው ስኳሩን እንጂ ስታርቹን አይደለምና። ጃፓኖች ግን ለሳኬ የሚኾነውን ሩዝ አያበቅሉትም። ሩዙን ፈትገው፥ አጥበው፥ ዘፍዝፈው በእንፋሎት ያበስሉታል። ከዚህም ከፍለው በሳንቃ ወደ ተለበጠች ሞቃት ክፍል ያስገቡትና፥ አረንጓዴ ዱቄት የመሰለውን የኮጂ ዘር ይነሰንሱበታል። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ያህል እንደ አራስ ሕፃን ይጠብቁታል፤ ሙቀቱ ሲበዛ ይበትኑታል፥ ሲያንስ ይከምሩታል፥ ጨርቅም ያለብሱታል። በመጨረሻ እያንዳንዱ የሩዝ ፍሬ ነጭ ሽበት የመሰለ ነገር ለብሶ ጣፋጭ ሽታ ይሸታል። የብቅሉን ሥራ የሚሠራላቸው እንግዲህ ይህ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ጥንስሱ ይዘጋጃል። በቀድሞው ሥርዓት ጠማቂዎቹ በብርድ ሌሊት በገንዳ ዙሪያ ቆመው፥ ሩዙን ከኮጂውና ከውሃው ጋር በረጃጅም እንጨት ይደቍሱት ነበር። የሥራውን ጊዜ የሚለኩትም በሰዓት ሳይኾን በዘፈን ነበር፤ ዘፈኑ ሲያልቅ የዚያ ሥራ ተራ ያልቃል። በዚህ ጥንስስ ውስጥ እርጎን የሚያኮመጥጠው ዓይነት አሲድ በራሱ ጊዜ ይፈጠራል፤ አሲዱም ጐጂዎቹን ተሕዋስያን አስወግዶ ለመልካሙ እርሾ ስፍራ ያመቻችለታል። ጥንስሱ ሲደርስ ሩዝ፥ ኮጂና ውሃ በአራት ቀን ውስጥ በሦስት ጊዜ ይጨመርበታል። ሁሉ ባንድ ጊዜ ቢጨመር እርሾው ተውጦ ይደክማልና ነው። ድፍድፉም ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ያህል በብርድ ይቈያል። በዚህ ጊዜ ኮጂው ስታርቹን ወደ ስኳር ሲለውጥ፥ እርሾውም በዚያው ጋን ውስጥ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል፤ ሁለቱ ሥራዎች ጐን ለጐን ይሄዳሉ። በዚህም ምክንያት ሳኬ እንደ አረቄ በእሳት ሳይወጣ፥ በመብላላት ብቻ ከመቶ 18 እስከ 20 እጅ የሚደርስ አልኮል ያገኛል። በመጨረሻም በጨርቅ ከረጢት ተጨምቆ ከአተላው ይለያል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። በሦስተኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የቻይና የዌይ መንግሥት ታሪክ፥ የጃፓን ደሴቶች ሰዎች በለቅሶ ጊዜ ተሰብስበው እየዘፈኑ መጠጥ እንደሚጠጡ ይናገራል፤ መጠጡ ከምን እንደ ተሠራ ግን አይገልጽም። በስምንተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ስለ ሐሪማ አውራጃ የተጻፈው መዝገብ ደግሞ፥ ለአማልክት የቀረበ ምግብ ርሶ ሻጋታ እንዳወጣና ሰዎቹም በዚያ መጠጥ እንደ ጠመቁ ይተርካል። በ927 የተፈጸመው ኤንጊሺኪ የተባለው የሥርዓት መጽሐፍ፥ በቤተ መንግሥት ውስጥ ራሱን የቻለ የጠመቃ ክፍል እንደ ነበረ ያስረዳል። እንግዲህ ሳኬ በመጀመሪያው ዘመን የአማልክትና የነገሥታት መጠጥ ነበረ ማለት ይቻላል።

ከቤተ መንግሥት ቀጥሎ ጥበቡን የያዙትና ያሻሻሉት የቡድሃ መነኮሳት ናቸው። በናራ አጠገብ በ992 የተመሠረተው ሾርያኩጂ የተባለው ገዳም በጠመቃ እጅግ የታወቀ ነበር። መነኮሳቱ ጥንስሱን ለብቻው ማዘጋጀትን፥ ድፍድፉንም ደረጃ በደረጃ መጨመርን፥ ለኮጂውም ለድፍድፉም የተፈተገ ነጭ ሩዝ መጠቀምን አሳደጉ። ከዚህም ሁሉ የሚያስደንቀው ሌላ ነገር አለ። ታሞንኢን ኒኪ የተባለው የናራ መነኮሳት የዕለት መዝገብ፥ በ1560ዎቹ ዓመቶች ሳኬው እንዳይበላሽ በእሳት ያሞቁት እንደ ነበረ ይመሰክራል። የፈረንሳዩ ሊቅ ሉዊ ፓስተር መጠጥን በልክ በማሞቅ ከብልሽት ማዳን እንደሚቻል ምክንያቱን ያስረዳው በ1860ዎቹ ዓመቶች ነው። ጃፓኖች ተሕዋስያን መኖራቸውን ሳያውቁ፥ በማስተዋል ብቻ፥ ከእርሱ በፊት ሦስት መቶ ዓመት ያህል ይሠሩበት ነበር።

በቶኪዮ ያስተምር የነበረው እንግሊዛዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሮበርት ዊልያም አትኪንሰን በ1881 ስለ ሳኬ አጠማመቅ መጽሐፍ አሳትሟል። የሙቀት መለኪያ ያልነበራቸው ጠማቂዎች ልኩን እንደምን እንደሚያውቁ ሲመረምር፥ መለኪያቸው ጣታቸው መኾኑን አገኘ። አንድ ሰው በትኩሱ ሳኬ ላይ በጣቱ አንዲት ፊደል ለመጻፍ ያህል ብቻ መታገሥ ሲችል ልኩ ደርሷል ይሉ ነበር፤ ይህም 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። አንባቢ ኾይ፥ ይህን ነገር ልብ በል። በጣት የተያዘ ዕውቀት ጣቱ በሥራ ላይ እስካለ ድረስ ይኖራል፤ ሥራው ከተቋረጠ ግን መጽሐፍ ገልጦ ሊመልሰው የሚችል የለም።

በ17ኛው መቶ ዓመት በጃፓን ሰላም ሲጸና፥ ዛሬ ቶኪዮ የምትባለው ኤዶ ትልቅ ከተማ ኾነች። በኦሳካ አካባቢ ያሉት የኢታሚ ጠማቂዎች፥ ኋላም የናዳ ጠማቂዎች፥ ሳኬያቸውን ከጃፓን ጥድ በተሠራ በርሜል እየሞሉ በመርከብ ወደዚያች ከተማ ይልኩ ጀመር። መንግሥቱ ግን የሕዝቡ ቀለብ የኾነው ሩዝ በመጠጥ እንዳያልቅ ይሠጋ ነበርና፥ ማን ምን ያህል ሩዝ መጥመቅ እንደሚችል ወሰነ። በ1673 ደግሞ ከብርዱ ወራት በቀር መጥመቅን ከለከለ። ይህ ክልከላ ለጥበቡ በጀው። በብርድ ወራት ጐጂዎቹ ተሕዋስያን ይደክማሉ፥ ድፍድፉም ሳይቸኵል ቀስ ብሎ ይብላላል። የተራራው ገበሬም እርሻው በበረዶ ሲሸፈን ሥራ ይፈታል። ስለዚህ ከታንባ፥ ከናንቡና ከኤቺጎ አውራጃዎች ገበሬዎች በየዓመቱ በኅብረት እየወረዱ ጠምቀው፥ በጸደይ ወደ እርሻቸው መመለስን ልማድ አደረጉ። አለቃቸው ቶጂ ይባላል። ቶጂ የመጥመቂያ ቤቱ ባለቤት አይደለም፤ ነገር ግን ስለ ጠመቃው ቃሉ የመጨረሻ ቃል ነው።

እነዚህ ሰዎች ምን ያህል አስተዋዮች እንደ ነበሩ አንድ ታሪክ ይመሰክራል። ያማሙራ ታዛኤሞን የተባለ የናዳ ጠማቂ በኡኦዛኪና በኒሺኖሚያ ሁለት የመጥመቂያ ቤቶች ነበሩት። ሁልጊዜ የኒሺኖሚያው ሳኬ ከኡኦዛኪው ይበልጥ ነበር። ሩዙን አንድ ዓይነት አደረገ፤ ጠማቂዎቹንም አለዋወጠ፤ ልዩነቱ ግን አልጠፋም። በመጨረሻ በ1840 ገደማ የኒሺኖሚያን ውሃ ወደ ኡኦዛኪ አስጭኖ ቢጠምቅበት ሳኬው እኩል ኾነ። ምክንያቱ ውሃው ነበረ። የዛሬው ሳይንስ ያ ውሃ ብረት እጅግ የሚያንሰው፥ እርሾን የሚያበረታ ማዕድን ግን የሞላው መኾኑን አረጋግጧል። ያማሙራ ይህን ሳያውቅ፥ ምክንያቶቹን አንድ በአንድ እየለየ በመጣል ብቻ ወደ እውነቱ ደረሰ።

የጠጪውም ሥርዓት ከጠማቂው ያነሰ አልነበረም። ቀማሾች የሚጠቀሙበት ነጭ የሸክላ ጽዋ በውስጡ፥ በሥሩ ላይ፥ ሁለት ሰማያዊ ክቦች አሉት፤ በነጩ የመጠጡን ቀለም፥ በሰማያዊው ጥራቱን ያዩበታል። የሙቀቱንም ደረጃ በስም ለይተውታል፤ የበረዶ ቅዝቃዜ፥ የአበባ ቅዝቃዜ፥ የፀሐይ ሙቀት፥ የሰው ገላ ሙቀት፥ ከዚያም ትኩሱ እያሉ ይጠሩታል። በማዕድ ላይ ሰው ለራሱ አይቀዳም፤ ለጐረቤቱ ይቀዳል፥ ጐረቤቱም ይቀዳለታል። በሠርግ ቀን ሙሽራውና ሙሽራይቱ ከሦስት ጽዋዎች ሦስት ሦስት ጊዜ በመጐንጨት ቃል ኪዳናቸውን ያጸናሉ። በመጥመቂያ ቤት ደጅ ከጥድ ቅጠል የተሠራ ትልቅ ድቡልቡል ይሰቀላል፤ አረንጓዴ ሲኾን አዲሱ ሳኬ ተጨመቀ ማለት ነው፥ በጊዜ ብዛት እየጠወለገ ሲሄድም የሳኬውን መብሰል ያመለክታል። ከዚህ እንደምናየው፥ የሚጠጣው ሰው የሚጠጣውን ያውቅ ነበር።

አሁን ወደ ፈተናው ዘመን ደርሰናል። የሜጂ መንግሥት ከቻይና ጋር በ1894 እና በ1895 ከተዋጋ በኋላ፥ የጦር ኃይሉን ለማጠናከር ብዙ ገንዘብ አስፈለገው። ከሁሉ የቀረበውም የሳኬ ግብር ነበር። በ1899 ይህ ግብር ከመሬት ግብር በልጦ፥ ከመንግሥቱ ግብር ሁሉ ሲሶ ያህል ኾነ። ነገር ግን ገበሬው በቤቱ ዶቡሮኩ የተባለውን ያልተጠለለ ሳኬ ጠምቆ ከጠጣ፥ ግብር የተከፈለበትን አይገዛም። ስለዚህ በዚያው ዓመት በየቤቱ መጥመቅ ፈጽሞ ተከለከለ። እናቱና አያቱ የጠመቁትን የጠመቀ ገበሬ ከዚያ ወዲያ ወንጀለኛ ኾነ። ያ የጦር ገንዘብ ችግር ካለፈ እነሆ ብዙ ዘመን ነው፤ ዛሬ ከመጠጥ ሁሉ የሚሰበሰበው ግብር ከመንግሥቱ ገቢ ጥቂቱ ነው። ክልከላው ግን አላለፈም። በ1989 የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ክልከላው ሕጋዊ ነው ብሎ ፈረደ። ከ2003 ወዲህ በተለዩ ቀበሌዎች ለአንዳንድ ገበሬዎች በፈቃድ እንዲጠምቁ ቢፈቀድም፥ ለሕዝቡ ሁሉ ግን እስከ ዛሬ እንደ ተከለከለ ነው።

ይኹን እንጂ የዚያ ዘመን አዲስ ነገር ሁሉ ክፉ ነበረ ማለታችን አይደለም። የሂሮሺማው ሚዩራ ሴንዛቡሮ፥ በለስላሳ ውሃ መልካም ሳኬ መጥመቅ እንዴት እንደሚቻል ብዙ ጊዜ ወድቆ ተነሥቶ ከተማረ በኋላ፥ ዘዴውን ደብቆ አልበለጸገበትም፤ በ1898 መጽሐፍ አድርጎ ለሁሉ አሳተመው። በ1904 መንግሥት የጠመቃ ምርምር ቤት በቶኪዮ አቆመ። በ1910 የምርምር ቤቱ ሊቃውንት፥ የላክቲክ አሲድን በጥንስሱ መጀመሪያ ላይ መጨመር ወር ያህል የሚፈጀውን ጥንስስ በሁለት ሳምንት ለማድረስ እንደሚያስችል አሳዩ። ይህም አቋራጭ መንገድ ነው፤ ነገር ግን ሳኬው የሩዝ ሳኬ መኾኑን አልለወጠውም፥ ጠጪውንም አላታለለም።

ጠጪውን ያታለለው አቋራጭ ከጦርነት ጋር መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወታደሩና ሕዝቡ የሚበሉት ሩዝ አነሰ፤ ለጠመቃ የሚሰጠውም እጅግ ተቀነሰ። በዚህ ጊዜ ከሌላ እህል ወይም ከሥራ ሥር የወጣ ንጹሕ አልኮል በድፍድፉ ላይ እንዲጨመር ተፈቀደ። ጦርነቱ በ1945 ሲያልቅ ራቡ ይብስ ጸና። በጥቁር ገበያ የሚሸጥ፥ መርዘኛ ሜቲል አልኮል የተቀላቀለበት መጠጥ የጠጡ ሰዎች ዐይናቸው ጠፋ፥ ብዙዎችም ሞቱ። መንግሥት በጥቂት ሩዝ ብዙ መጠጥ፥ ያውም የማይገድል መጠጥ፥ ማቅረብ ነበረበት። ስለዚህ በ1949 ሳንዞሹ፥ ማለት ሦስት እጥፍ የኾነ ሳኬ የተባለው መጣ። በአልኮልና በውሃ የሚበዛ ነው፤ የጠፋውንም ጣዕም ለመተካት ግሉኮስ፥ አሲድና የምግብ ማጣፈጫ ጨው ይጨመርበታል። ከአንድ ሳኬ ሦስት ሳኬ ይወጣል ማለት ነው።

ይህን ያደረጉትን ሰዎች ልንፈርድባቸው አይገባም። ሕዝብ በራብ ሳለ ሩዝ በጋን ውስጥ ማፍሰስ በደል ነውና፥ ብልሃቱ በጊዜው ትክክል ነበረ። ስሕተቱ የመጣው ኋላ ነው። የጃፓን እርሻ ተመልሶ በረታ፤ ሩዙም ከመብዛቱ የተነሣ መንግሥት በ1970 ገደማ ገበሬዎች የሚዘሩትን እንዲቀንሱ ማድረግ ጀመረ። ጐተራው ሞልቶ ሳለ ሦስት እጥፉ ሳኬ ግን መሸጡን ቀጠለ፥ ያውም በዚያው በቀድሞው ስም። ባለ ፋብሪካው ትርፉን ለምዶ ነበር፤ ጠማቂው አሠራሩን ለምዶ ነበር፤ ከጦርነቱ ወዲህ የተወለደውም ወጣት ሌላ ሳኬ ቀምሶ አያውቅም ነበር። ትናንሾቹ መጥመቂያ ቤቶችም የጠመቁትን በጋን ለትልልቆቹ እየሸጡ፥ በሌላ ስም ተቀላቅሎ ሲሸጥ ያዩ ነበር።

የጠጪው ፍርድ ግን ዘግይቶም ቢኾን ደረሰ። የሳኬ ሽያጭ በ1973 ከፍተኛው መጠን ላይ ከደረሰ በኋላ መውረድ ጀመረ፤ ዛሬ የዚያን ጊዜውን ሩብ እንኳ አይሞላም። በሜጂ ዘመን መጀመሪያ 30,000 ያህል የነበሩት መጥመቂያ ቤቶች፥ ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ከ1,000 ጥቂት ቢበልጡ ነው። ለዚህ ቢራና ውስኪ፥ የምግብም ልማድ መለወጥ ምክንያት እንደ ኾኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሳኬ ማለት የሚጣበቅ ጣፋጭ፥ በማግሥቱም ራስ የሚያሳምም የሽማግሌ መጠጥ ነው የሚለውን አስተያየት በወጣቶቹ ልብ ያሳደረው ያ ሦስት እጥፉ መጠጥ እንደ ኾነ ጠማቂዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ።

መልሱ የመጣው ከጥቂቶች ነው። በ1964 በኪዮቶ ፉሺሚ ታማኖሂካሪ የተባለው መጥመቂያ ቤት፥ ምንም ያልተጨመረበትን የሩዝ ሳኬ እንደገና ለገበያ አወጣ። በ1987 ደግሞ በሳይታማ ሺንካሜ የተባለው ትንሽ ቤት፥ ከእንግዲህ የምጠምቀው ሁሉ ከሩዝና ከኮጂ ብቻ ይኾናል ብሎ ቈረጠ። ይህን ማድረግ የቻሉት ግን አሮጌዎቹ ቶጂዎች ገና በሕይወት ስለ ነበሩ ነው። ሌላ አንድ ትውልድ ዘግይቶ ቢኾን ኖሮ፥ የኮጂውን ሙቀት በመዳፉ የሚያውቅ ሰው ከወዴት ይገኝ ነበር?

ቀጥሎም ሕጉ ተከተላቸው። ከ1990 ጀምሮ ጁንማይ፥ ማለት ንጹሕ የሩዝ ሳኬ፥ የትኛው እንደ ኾነ፥ ሩዙም ምን ያህል እንደ ተፈተገ በጠርሙሱ ላይ እንዲጻፍ ሥርዓት ወጣ። በ1992 በጦርነቱ ጊዜ የተጀመረው የደረጃ አሰጣጥ ቀረ። በ2006 ሦስት እጥፉ መጠጥ በሳኬ ስም እንዳይጠራ ሕጉ ተሻሻለ። ለጥቂት ዓመታት ችግር የተፈቀደው ነገር ከስሙ እስኪላቀቅ ድረስ እነሆ 57 ዓመት ፈጀ። ዛሬም ጥቂት አልኮል የሚጨመርበት መልካም ሳኬ አለ፤ ነገር ግን መጠኑ በሕግ የተወሰነ ነው፥ ገዢውም ከጠርሙሱ አንብቦ ያውቀዋል። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ዩኔስኮ በፓራጓይ አሱንስዮን ባደረገው ጉባኤ፥ በኮጂ የሚሠራውን የጃፓኖች የአጠማመቅ ጥበብ በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስገባው።

አንባቢ ኾይ፥ ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር ነው። በችግር ቀን ከሥርዓት መጉደል የማይቀር ሊኾን ይችላል፤ ባለሙያ ሁሉ፥ መንግሥትም ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን የሚጐድለው በምን ምክንያት እንደ ጐደለ፥ መቼም ወደ ስፍራው እንደሚመለስ አብሮ ካልተጻፈ፥ ችግሩ ሲያልፍ ጉድለቱ ሥርዓት ተብሎ ይቀራል። ከሁሉ ይልቅ የጐደለውን ነገር በሙሉው ስም መጥራት ክፉ ነው፤ ስሙ የዋሸ እንደ ኾነ የሚቀጥለው ትውልድ የጠፋበትን ነገር እንኳ አያውቅምና። ጃፓኖች የቀድሞውን ሳኬ ያገኙት ጣዕሙን የማይረሱ ጥቂት ሽማግሌዎች፥ ሽማግሌዎቹንም የሚጠይቁ ጥቂት ጐበዞች ስለ ነበሯቸው ነው። እኛም በየቤታችን፥ በየሙያችን፥ ለጊዜው ነው ብለን የተውነው ነገር ምን እንደ ኾነ፥ የሚያውቁት ሰዎች ሳያልፉ ብንጠይቅ መልካም ነው።

ለዛሬው በዚህ ይብቃን።